አንድ ምሽት ቴአትር አይሆንም

ባለፈው እትማችን «ሙከራዊ ቴአትር ምንድን ነው?» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ጸሐፊው ጓደኛችን ስለ ሩሲያዊው የቴአትር አዘጋጅ ስለ ቭሴቮሎድ ሜየርሆልድ በሰፊው ካተተ በኋላ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው፤ እንዲህ ያለ ሰው በእኛ አገር አልተፈጠረምና ሙከራዊ ቴአትር ለኛ የተውሶ ልብስ ነው አለን። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ በሻይ ቤቱም፣ በመኝታ ክፍሉም፣ በኒሙ ዛፍ ሥርም ክርክሩ አልበረደም። ገሚሱ «እውነቱን ነው» ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ «አቦ ተዉን፣ እኛም አገር ሰው ነበረ» ይላል። ነበረ የሚለው ወገን ግን ማን እንደ ነበረ ሲጠየቅ ዝም ነው። ይህን የምንጽፈው ዝምታውን ለመስበር ነው።

መልሱን ከሩቅ አናመጣም። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በመኪና የሚጓዝ ሰው ደንገጎን ይወጣል፤ ቁልቢን ያልፋል፤ ጨለንቆን ያልፋል፤ ከዚያ ሂርና ይደርሳል፤ ቀጥሎ የምትመጣው ዛሬ ጭሮ የምንላት የድሮዋ አሰበ ተፈሪ ናት። ለበዓል ወደ ቤተሰብ ስንሄድ ብዙዎቻችን ይህን መንገድ ተኝተን ነው የምናልፈው። እንግዲህ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ጽፈው ለመድረክ ያበቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ያችን አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩ፣ የእርጅና ዘመናቸውንም በሂርና በእርሻ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ደግሞ የት ይመስላችኋል? ሩሲያ። ጓደኛችን ሩሲያ ድረስ ሄዶ የፈለገው ሰው ከሩሲያ ተመልሶ በመንገዳችን ዳር ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ስም ጠርቶ «ይኸውላችሁ፣ እኛም አለን» ማለት ሂስ አይደለም፤ ፉከራ ነው። ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አቁመን ማየት ይኖርብናል። (የሩሲያውን ታሪክ በፈረንጅ ዘመን፣ የአገራችንን በራሳችን ዘመን እንቆጥራለን፤ አንባቢ ያስተውል።)

ከሜየርሆልድ እንጀምር። በ1874 ፔንዛ በምትባል የሩሲያ ከተማ ከጀርመን ዘር ከሆነ ቮድካ አምራች ቤተሰብ ተወለደ። ሞስኮ ገብቶ ሕግ መማር ጀመረና ተወው፤ ወደ ቴአትር ትምህርት ቤት ዞረ። በ1898 የሞስኮ አርት ቴአትር ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ተዋናዮች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት በቼኾቭ ተውኔት ውስጥ ትሬፕሌቭን፣ ማለትም «አዲስ ቅርጽ ካልመጣ ቴአትር ሞቷል» እያለ የሚብከነከነውን ወጣት ሆኖ ተጫወተ። ገጸ ባሕርዩ ከመድረክ ወርዶ ተከተለው መሰለን። የስታኒስላቭስኪ ቴአትር መድረኩን እንደ እውነተኛ ቤት አድርጎ ሲያስመስል፣ ሜየርሆልድ «ለምን እናስመስላለን? ተመልካቹ ቴአትር ቤት እንደ ተቀመጠ ያውቅ የለም ወይ?» አለ። በ1902 ጥሎ ወጣ።

በ1906 ቬራ ኮሚሳርዣቭስካያ የምትባል ታላቅ ተዋናይት ወደ ፒተርስቡርግ ጠራችው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ የአሌክሳንደር ብሎክን አጭር ተውኔት መድረክ ላይ ሲያወጣ በመድረኩ ላይ ሌላ ትንሽ መድረክ ሠራ፤ ገመዱንና ሽቦውን ሳይቀር ለተመልካች ገልጦ አሳየ፤ ተዋናዮቹን የገበያ ላይ አሻንጉሊትና ጭንብል አስመሰላቸው። ገሚሱ ሕዝብ አጨበጨበ፣ ገሚሱ አፏጨ። በቀጣዩ ዓመት ያች ተዋናይት ራሷ አሰናበተችው። ከአብዮቱ በኋላ ግን ቤት አገኘ። በ1922 ያዘጋጀውን ተውኔት ያለ መጋረጃ፣ በባዶ የጡብ ግድግዳ ፊት፣ በመሰላልና በሚሽከረከሩ መንኰራኩሮች ላይ አሳየ፤ ተዋናዮቹ የፋብሪካ ሠራተኛ ቱታ ለብሰው ነበር። ተዋናይ እንደ ሠራተኛ ሰውነቱን ማዘዝ አለበት በሚለው እምነቱ ባዮሜካኒክስ የተባለ የአካል ልምምድ አወጣ። በ1926 የጎጎልን የታወቀ ተውኔት ሲያዘጋጅ፣ መጨረሻ ላይ ባለሥልጣኖቹ በድንጋጤ ደርቀው በሚቀሩበት ትዕይንት በተዋናዮቹ ፋንታ ሰው የሚያካክሉ አሻንጉሊቶችን አቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጓደኛችን በሁለት መስመር አልፎታል፤ እኛ ግን እንቆይበት። «ሕዝብ አይገባውም፣ ባዕድ ነው» ተብሎ ቴአትር ቤቱ በጥር 1938 ተዘጋ። ያን ጊዜ ያስጠጋው ማን ነበር? በወጣትነቱ ጥሎት የወጣው አስተማሪው ስታኒስላቭስኪ! እሱም በዚያው ዓመት ነሐሴ ሞተ። በሰኔ 1939 ሜየርሆልድ ታሰረ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባለቤቱ ተዋናይት ዚናይዳ ራይኽ በገዛ ቤቷ በጩቤ ተወግታ ተገደለች። እሱንም የስድሳ አምስት ዓመት ሽማግሌ ሳለ ገርፈው አሳመኑት፤ መገረፉን ራሱ ከእስር ቤት ለሞሎቶቭ በጻፈው ደብዳቤ ገልጧል። በየካቲት 1940 ተረሸነ። ስሙ የታደሰው በ1955 ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰው እንምጣ። ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሐረር መጥተው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልደፈኑ ልጅ ሳሉ ከራስ መኮንን ጦር ጋር ወደ አድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ሊዮንቲየቭ የተባለው ሩሲያዊ ይዟቸው ወደ ሩሲያ ሄደ። ያን ጊዜ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም፤ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማችንም የተወለደችው ከሐዲዱ ጋር ነው። ልጁ በሩሲያ መኳንንት ቤት አደገ፤ ቋንቋውን እንደ ተወላጅ ለመደ፤ በፒተርስቡርግ የመድፈኞች መኮንንነት ተማረ። ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይተው ሲመለሱ ሐዲዱ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ከጅቡቲ በባቡር ለሚመጣ ሰው ከባቡር ወርዶ በቅሎ የሚጭነው እዚሁ እኛ ለገሃር ነበር።

ሜየርሆልድና ተክለ ሐዋርያት ተገናኙ አንልም። አንዱ በቴአትር ቤት፣ ሌላው በወታደር ትምህርት ቤት ነበር። ግን አንድ አየር ተንፍሰዋል። በ1905 በፒተርስቡርግ አደባባይ ደም ሲፈስ፣ ገበሬውና ሠራተኛው ሲነሣ፣ ደራሲው፣ ሠዓሊውና ተዋናዩ «እኛስ ምን እንበል?» ብሎ ሲጨነቅ፣ ሁለቱም በዚያች አገር ነበሩ። ከዚያ አየር ውስጥ የወጣ ሰው ቴአትር ማለት ራት ከተበላ በኋላ የሚመጣ መዝናኛ ነው ሲሉት እሺ ብሎ ይቀበላል ብለን አናምንም።

አዲስ አበባ ደግሞ የሚባለው እሱ ነበር። እንደሚተረከው፣ ተክለ ሐዋርያት «ቴአትር አለ» ተብለው ሄደው ያዩት ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆነባቸው፤ «ይህ ቴአትር አይደለም» አሉ። «ታዲያ አንተ አሳየና!» ቢባሉ ጊዜ ጽፈው አሳዩ። ድርሰቱ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በፈረንሳዊው በላፎንቴን ተረቶች ላይ የቆመ ነው፤ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ የሚተቸው ግን የቤተ መንግሥቱን አስተዳደርና የሹማምንቱን ምግባር ነው። የታየበትን ዓመት አንዳንዶቹ ወደ 1905፣ ሌሎቹ ወደ 1913 ዓ.ም. ያስጠጉታል። የታየው በአዲስ አበባ ሆቴል ቴራስ ነው፤ ተመልካቾቹም መኳንንቱና ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝ ቅጂዎቹ ተሰበሰቡ፤ ቴአትርም ተከለከለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በ1923 ዓ.ም. እስኪደፋ ድረስ መድረኩ ዝም አለ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አውሬ ሲናገር በእኛ አገር አዲስ ነገር ነው እንዴ? አያቶቻችን ማታ ማታ በእሳት ዳር ስለ አንበሳውና ስለ ቀበሮው፣ ስለ ጅቡና ስለ አህያይቱ ሲያወጉን አላደግንም? አዝማሪውስ በጌታው ፊት ቆሞ ሰሙን እያላሰ ወርቁን ሲወጋ አልኖረም? ኧረ ኖሯል! ታዲያ ማንም ተረት ተናጋሪ አያት ተከልክላ አታውቅም፤ የአዝማሪው ስንኝም ቢበዛ ያስገርፈው ይሆናል እንጂ ማሲንቆን በአዋጅ አያስከለክልም። «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ግን ራሱን ብቻ ሳይሆን ቴአትርን ሁሉ ይዞ ጠፋ። ለምን?

የኛ መልስ ይህ ነው። ተረት በጆሮ ይገባል፤ ሰሚው አንበሳውን በልቡ ይስለዋል፤ የፈለገውን ፊት ይሰጠዋል፤ ያልፈለገውን ይተዋል። መድረክ ላይ ግን አንበሳው እግር አለው። ቆሟል። ጭንብሉ የአውሬ፣ አነጋገሩ የሹም፣ አካሄዱ የሚያውቁት ሰው ነው። በዚያ ላይ ተመልካቹ ብቻውን አይደለም፤ ጎኑ የተቀመጠው ባልንጀራው ሲስቅ ይሰማል፤ በማን እንደ ሳቀም ያውቃል። ወርቁ ከሰሙ የሚወጣው በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሳይሆን በአዳራሹ መካከል ነው። የቴአትር አደጋውም ኃይሉም ይኸው ነው። ሜየርሆልድ ከገበያ ጭንብልና አሻንጉሊት ተነሥቶ የደረሰበትን ቦታ፣ ተክለ ሐዋርያት ከተረት አውሬ ተነሥተው ደርሰውበታል። ሁለቱም እውነተኛውን ፊት ለማሳየት ፊት ሸፈኑ። ስለዚህ ሙከራ ማለት መብራት ማጥፋትና ማብራት አይደለም፤ የተለመደውን ነገር ማንም ባላቆመበት ቦታ ማቆም ነው። በዚህ መለኪያ የመጀመሪያው ተውኔታችን ራሱ ሙከራ ነበር። ጓደኛችን «የተውሶ ልብስ» ያለው እንግዲህ የገዛ መጠቅለያችን ሆኖ ተገኘ።

እስካሁን አመሰገንን። ሂስ ግን በምስጋና አያልቅም።

የመጀመሪያው ነቀፌታችን ስለ ተመልካቹ ነው። የአውሬዎቹን ክስ የሰሙት ተከሳሾቹ ብቻ ናቸው። ገበሬው አልነበረም፤ ነጋዴው አልነበረም፤ የሆቴሉ አስተናጋጅ ካልሆነ በቀር ተራ ሰው አላየውም። ክርክሩ በቤተ ዘመድ መካከል ስለ ነበረ በቤተ ዘመድ ታፈነ። ሰፊው ሕዝብ አይቶት ቢሆን ኖሮ ቅጂው ቢሰበሰብ እንኳ ቀልዱ ገበያ ለገበያ ይዞር ነበር፤ ቀልድ በአዋጅ አይሰበሰብምና።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ተክለ ሐዋርያት ዳግመኛ ወደ መድረክ አልተመለሱም። ዕድሜ አጠራቸው እንዳንል ዘጠና ዓመት አልፈው ኖረዋል፤ ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ነው። ሥራ ፈቱ እንዳንልም አልፈቱም። ጨርጨርን ገዝተው ለሌላው አውራጃ ምሳሌ እንዲሆን አደራጁ፤ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት የጃፓንን አብነት ይዘው አረቀቁ፤ ጣሊያን ሊወረን ሲነሣ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተሟገቱ። በ1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር መውጣታቸውን ተቃወሙ፤ እሳቸውም ተሰደው እስከ ማዳጋስካር ደረሱ፤ ከብዙ ዓመት ስደት በኋላ ተመልሰው ሂርና ላይ አራሽ ሆኑ። የሕይወት ታሪካቸውንም ጻፉ፤ ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ታትሟል። ይህን ሁሉ የሠራ እጅ ሁለተኛ ተውኔት አልጻፈም፤ ወይም ጽፎ ለሕዝብ አላደረሰም። ከተማ ቆረቆሩ፤ ቴአትር ግን አልቆረቆሩም።

«ተከለከሉ እኮ!» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ ተከለከሉ። ሜየርሆልድስ? እሱም ተባረረ፤ ቤቱ ተዘጋ፤ ተገደለ። ልዩነቱ በድፍረት አይደለም፤ ሁለቱም ደፋሮች ናቸው። ልዩነቱ ሜየርሆልድ ሲሞት በዙሪያው ደቀ መዛሙርት ነበሩት። ከእነዚያ አንዱ በሥሩ የተማረው የፊልም አዘጋጁ ሰርጌይ አይዘንስታይን ነው። ሜየርሆልድ ሲታሰርና ራይኽ ስትገደል የእንጀራ ልጁ ወረቀቶቹን አተረፈች፤ አይዘንስታይንም ተቀብሎ ከከተማ ውጭ ባለው ቤቱ ደበቃቸው። የአንድ ሕዝብ ጠላት የተባለ ሰው ወረቀት መደበቅ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደ ነበረ ለአንባቢ አንነግርም። የልምምዱ ማስታወሻ፣ የመድረኩ ንድፍ፣ የተዋናዮቹ አቋቋም ተርፎ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይጠናል። ጥይቱ ሰውየውን ገደለ፤ ቴአትሩን አልገደለም።

ተክለ ሐዋርያት ግን ቡድን አልነበራቸውም። ለአንድ ምሽት የተሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ፤ በማግስቱ ተበተኑ። ስለዚህ በኋላ የመጡት ከእሳቸው አልተቀበሉም፤ ከአዲስ ጀመሩ። ዮፍታሔ ንጉሤ ከጎጃም የመጡት ቅኔያቸውን ይዘው ነው፤ ተውኔታቸውም ከቅኔው ግቢ በቀለ። አገር ፍቅር በ1927 ሲቋቋም ሥራው የአርበኝነት ስሜት መቀስቀስ ነበር። በ1948 ታላቁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ከዚያም በኋላ ከዚሁ ከመንገዳችን፣ ከጎሮ ጉቱ የተወለዱት ተስፋዬ ገሠሠ የቴአትር ጥበብን ለመማር አሜሪካ ድረስ ሄዱ። ልብ በሉ፦ ጎሮ ጉቱና ሂርና ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ የሐረርጌ ልጅ ቴአትርን ፍለጋ ውቅያኖስ ሲሻገር የመጀመሪያው ተውኔት ደራሲ በዚያው መንገድ ዳር ያርሱ ነበር። በመካከላቸው የነበረው ክፍተት የኪሎ ሜትር አይደለም፤ የአንድ ቡድን፣ የአንድ ደብተር፣ የአንድ ደቀ መዝሙር ክፍተት ነው። አንድ እንጨት አይነድም ይባል የለ? አንድ ምሽትም ቴአትር አይሆንም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያልነው በሞተ ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም። ነገሩ ወደ ራሳችን ስለሚመጣ ነው። ሌላውን ተችቶ ራሱን የሚሸሽ ሂስ ሐሜት ይባላልና ግለ ሂሳችንን እናቅርብ።

አምና «ሙከራዊ» ብለን ያቀረብነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ቃል አልነበረውም። ነጭ አንሶላ ዘርግተን፣ ባትሪ ይዘን፣ አንዳችን ሌላችንን እየገፋን አርባ ደቂቃ ተንከራተትን። ሙቀቱ ለጉድ ነበር፤ መሐል ላይ መብራት ጠፋ፤ ተመልካቹ የድርሰቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ስንጨርስ በአዳራሹ በር ሻይ የሚሸጡት እናታችን ጠርተውን «ልጆቼ፣ ምን ተባብላችሁ ነው እንዲህ የተጣላችሁት?» አሉን። ሳቅን። ማታ መኝታ ክፍል ገብተን ስናስበው ግን አላሳቀንም። እሳቸው የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፤ እኛም መልስ አልነበረንም። የሜየርሆልድን መሰላልና መንኰራኩር በስዕል አይተን ቀዳን እንጂ፣ መሰላሉ ላይ የወጣው ሰው ለምን እንደ ወጣ አልጠየቅንም። የባዮሜካኒክስ ተዋናይ ክንዱን ከማንሣቱ በፊት ብዙ ወር ይለማመዳል፤ እኛ የተለማመድነው ዘጠኝ ቀን ነው፤ ከዘጠኙም ሁለቱ በበርጫ አልፈዋል። ይህን የምንለው ማንንም ለማሳጣት አይደለም፤ የጻፍነው እኛው፣ የቃምነውም እኛው ነን።

ከዚህ የባሰም አለ። ከሦስት ዓመት በፊት ከኛ በላይ የነበሩት ተማሪዎች ስለ ቀፊራ ገበያ ተሸካሚዎች የሠሩትን ተውኔት ያየ ሁሉ እስካሁን ያወራዋል። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ልክ እንደ ገበያው ይደባለቅ ነበር። ሶማልኛ የማያውቀው ሲስቅ፣ አማርኛ የማያውቀው ሲያለቅስ አይተናል። ያ ነበር ሙከራ! መብራትም አንሶላም ሳይፈልግ፣ ድሬዳዋ የምትናገረውን ቋንቋ ማንም ባላቆመው ቦታ አቆመው። ታዲያ ድርሰቱ የት አለ? የለም። አንዱ ቅጂ በአንድ ተመራቂ ስልክ ውስጥ ነበር፤ ስልኩ ጠፋ። ሌላው በወረቀት ነበር፤ መኝታ ክፍሉ ሲለቀቅ አብሮ ተጠረገ። ንግሥት ዘውዲቱ አላዘዙም፤ ማንም አልሰበሰበውም፤ ማንም አልከለከለም። እኛው ራሳችን አጠፋነው። የተክለ ሐዋርያት ድርሰት አዋጅ ወጥቶበት እንኳ ስሙ ተርፏል፤ የኛው ያለ አዋጅ ጠፋ።

አሁን በክበባችን ውስጥ የተነሣውን ክርክር የምታውቁ ታውቃላችሁ። በሰኔ ከአባላቱ የሚበዙት ይመረቃሉ። የመሰነባበቻው ምሽት ምን ይታይ? አንዱ ወገን «ቀልዱን እንሥራ፤ ሰው ይሳቅ፤ በሰላም እንመረቅ» ይላል። ሌላው ወገን «የአውሬዎችን ኮሜዲያ መንፈስ ይዘን በድሬዳዋ ቋንቋዎች አዲስ የጭንብል ተውኔት እንሥራ» ይላል። የመጀመሪያው ወገን ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ አንበሳ መድረክ ላይ በወጣ ቁጥር «ይህ እኔ ነኝ» የሚል አይጠፋም። እኛ ከሁለተኛው ወገን ነን። አቋማችንን አንደብቅም። ነገር ግን ለጓደኞቻችን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ ተውኔቱን ሠርታችሁ፣ አጨብጭበንላችሁ፣ በማግስቱ ሻንጣችሁን ይዛችሁ አውቶቡስ ብትሳፈሩ ከሆቴል ቴራስ አንድ እርምጃ አልሄድንም። ቀልድ ብትሠሩና ቡድን ብትተዉ ይሻለናል።

ስለዚህ ሁለቱም ወገን ሊቀበለው የሚችል ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አዘጋጅ ከጎኑ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያስቀምጥ፤ ውኃ እንዲያመላልስ አይደለም፤ አብሮ እንዲያዘጋጅ ነው። ሁለተኛ፣ የልምምድ ደብተር ይያዝ፤ ማን የት ቆመ፣ የቱ ቃል ተለወጠ፣ ተመልካች የት ሳቀ፣ የት አዛጋ፣ ሁሉም ይጻፍበት። ሦስተኛ፣ ከአዳራሹ በፊት አንድ ቀን ከግቢ ወጥተን እናሳይ፤ መገላም ይሁን ቀፊራ፣ ከዛፍ ጥላ በታች፣ ሻይ ሻጯ እናታችን ፊት። እሳቸው «ምን ተባብላችሁ ነው?» ብለው ካልጠየቁን ያን ጊዜ አዳራሽ እንገባለን።

እኛም በበኩላችን ድርሻችንን እንወጣለን። ይህች መጽሔት ወረቀቷ ሻካራ፣ ቀለሟ እጅ የሚያቆሽሽ፣ ማባዣ መኪናዋም ስታጓራ ከባቡር የማትተናነስ ናት። ሆኖም መቶ ቅጂ ታወጣለች፤ መቶ ቅጂ በአንድ ስልክ መጥፋት አይጠፋም። ከእንግዲህ የክበቡ ተውኔት ሁሉ ሙሉ ድርሰቱ በየተራ በዚሁ ገጽ ይወጣል። ያለፈው ዓመት ውድቀታችንም ጭምር ይወጣል፤ የሚቀጥሉት ከስሕተታችን ይጀምሩ እንጂ ከባዶ አይጀምሩ።

ስለ ቀፊራ ተሸካሚዎች የተሠራውን ተውኔት በልቡ የሚያስታውስ፣ አንዲት ገጽ የተረፈችው፣ ወይም ተጫውቶበት ቃሉን ያልረሳ ካለ ወደ ክፍላችን ብቅ ይበል። አንዱ መጀመሪያውን፣ ሌላው መጨረሻውን ቢነግረን ገጣጥመን እንጽፈዋለን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በራችን ክፍት ነው።